የቤት ቢራ የመጨረሻ ግራቪቲና ጣዕሙ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ጠማቂዎች

የቤት ቢራ ተቀምሶ «ከበደኝ፣ ጣፈጠኝ» ወይም «ውሃ ውሃ አለኝ» ሲባል ጣት ቶሎ የሚቀሰረው ወደ ጌሾው ወይም ወደ እርሾው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ ያለቀለት ከዚያ በፊት፣ ብቅሉ በሙቅ ውሃ በተዘፈዘፈባት ሰዓት ነው። ያችን ሰዓት ከብርጭቆው ጋር የሚያገናኛት ቁጥር የመጨረሻ ግራቪቲ ይባላል። እዚህ የምናየው ቁጥሩ እንዴት እንደሚለካ፣ ከምላስ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ፣ በደሴ ብርድም ሆነ በኮምቦልቻ ሙቀት ወደሚፈለገው ቦታ እንዴት እንደሚደርስ ነው። ልኬቱ ሁሉ ለ20 ሊትር ቢራ የተሰላ ነው።

ቁጥሩ የሚናገረውና የማይናገረው

ግራቪቲ የፈሳሹ እፍግታ ከውሃ እፍግታ ጋር ሲነጻጸር የሚገኝ ቁጥር ነው። ንጹህ ውሃ 1.000 ነው። ከብቅል የወጣ ስኳር ሲገባበት ይከብድና ለምሳሌ 1.048 ይሆናል፤ ይህ የመነሻ ግራቪቲ ነው። እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለውጠው ፈሳሹ እየቀለለ ይሄዳል። አልኮል ራሱ ከውሃ ስለሚቀል ንባቡን የበለጠ ያወርደዋል። እርሾው የሚበላው ነገር ሲያልቅ ቁጥሩ፣ እንበል 1.010 ላይ፣ ይቆማል። የመጨረሻው ግራቪቲ እሱ ነው። ቢራ ፋብሪካ የሠራ ሰው በፕላቶ ሲናገር ከሰሙ አይደናገሩ፤ ሌላ የግራቪቲ መለኪያ ነው፤ 1 ፕላቶ በግምት 4 ነጥብ (1 ነጥብ ማለት 0.001) ስለሆነ 1.048 ማለት 12 ፕላቶ ገደማ ነው።

የአልኮሉን መጠን ለማወቅ የሁለቱን ልዩነት በ131 ያባዙ። ከ1.048 ላይ 1.010 ሲቀነስ 0.038 ነው፤ በ131 ሲባዛ 5 በመቶ ገደማ ይመጣል። እርሾው የበላውን ድርሻ ለማወቅ ደግሞ 38ን ለ48 ያካፍሉ፦ 79 በመቶ።

መነሻው 1.048 አካባቢ ለሆነ ቢራ፣ ከ1.004 እስከ 1.007 ከቆመ ደረቅ፣ ቀጭንና ቶሎ ከአፍ የሚጠፋ ይሆናል፤ የጌሾው ምሬትም ጎልቶ ይሰማል። ከ1.008 እስከ 1.012 ያለው ብዙ ሰው የለመደው የጠርሙስ ቢራ አካባቢ ነው። ከ1.014 እስከ 1.018 አፍ የሚሞላ፣ ወፍራም፣ ምሬቱ የተሸፈነ ነው። ከ1.020 በላይ ከሆነ ግን መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት መብላላቱ ሳያልቅ መቆሙን ነው።

ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ ስንት እንደቀረ እንጂ ምን እንደቀረ አይነግርም። ሁለት ቢራ 1.016 ላይ ቆሙ እንበል። አንደኛው ብቅሉ በ70 ዲግሪ ተዘፍዝፎ እርሾው ሥራውን ጨርሷል። በውስጡ የቀረው ዴክስትሪን የሚባለው እርሾ የማይበላው የስታርች ቁራጭ ነው። ዴክስትሪን ብዙም አይጣፍጥም፤ ምላስ የሚያገኘው እንደ ቀጭን አጥሚት ያለ ውፍረትን ነው። ሁለተኛው ብቅሉ በ64 ዲግሪ ተዘፍዝፎ እርሾው በብርድ መሃል መንገድ ላይ ተኝቷል። በዚህኛው የቀረው ማልቶስ፣ ማለትም እርሾ የሚበላው የብቅል ስኳር ነው፤ ከንፈር ላይ ይጣበቃል፣ ይጣፍጣል፣ ጠርሙስ ውስጥ ሲገባም ነቅቶ መብላላቱን ይቀጥላል። ቁጥራቸው አንድ ነው፤ አንደኛው ጥሩ ቢራ፣ ሌላኛው ግን ፈንጂ ነው።

መነሻው ሲለወጥም ትርጉሙ ይለወጣል። ከ1.060 ተነስቶ 1.010 የደረሰ ቢራ ለጥንካሬው ደረቅ ነው፤ አልኮሉም ጉሮሮ ላይ ይሞቃል። ከ1.036 ተነስቶ እዚያው 1.010 የደረሰ ግን ለስለስ ያለ ነው። ስለዚህ ማስታወሻ ላይ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጻፉ፤ አንዱ ብቻውን አይረዳም።

መለኪያ

የተለመደው መሣሪያ ሃይድሮሜትር ነው፤ ከታች የከበደ፣ ከላይ ቁጥር የተጻፈበት ቀጭን የመስታወት ዘንግ። ከ0.990 እስከ 1.100 ወይም ከዚያ በላይ የሚያነብ መሆን አለበት። በወተት መሰብሰቢያ የሚታየው ላክቶሜትር ለዚህ አይሆንም፤ የእሱ ንባብ ከ1.015 እስከ 1.040 አካባቢ ስለሆነ የመጨረሻውን ቁጥር ጨርሶ አያሳይም። የመኪና ባትሪ አሲድ የሚለካውማ ንባቡ የሚጀምረው ከ1.100 አካባቢ ነው። አሲድ የነካ ዕቃ ወደሚጠጣ ነገር መግባትም የለበትም።

ሃይድሮሜትር ካልተገኘ ሚዛን በደንብ ይተካዋል። 0.1 ግራም የሚለይ ትንሽ የኪስ ሚዛንና አንገቱ ጠባብ የሆነ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ የመስታወት ብልቃጥ ይበቃል። ደረቁን ብልቃጥ ይመዝኑ፤ 150.0 ግራም ሆነ እንበል። አንገቱ ላይ በጥፍር ቀለም መስመር ያስምሩ። እስከ መስመሩ ውሃ ሞልተው ሲመዝኑ 352.4 ቢሆን ውሃው 202.4 ግራም ነው። ውሃውን ደፍተው ያድርቁና እስከዚያው መስመር ቢራ ይሙሉ፤ 354.6 ከሆነ ቢራው 204.6 ግራም ነው። 204.6ን ለ202.4 ሲያካፍሉ 1.011 ያገኛሉ። ውሃውና ቢራው እኩል ሙቀት ላይ መሆን አለባቸው፤ ሌላ ሂሳብ አያስፈልግም።

የትኛውንም መሣሪያ ከማመንዎ በፊት ይፈትኑት። 100 ግራም ስኳር በ900 ግራም ውሃ ውስጥ በደንብ ሲሟሟ በ20 ዲግሪ 1.040 ማንበብ አለበት፤ ንጹህ ውሃ ደግሞ 1.000። ሃይድሮሜትርዎ በውሃ 1.002 ካነበበ ከእያንዳንዱ ንባብ 2 ነጥብ ይቀንሱ።

ንባብ የሚያሳስቱ ነገሮች ሦስት ናቸው። አንዱ ጋዝ ነው፤ ከሚብላላ ቢራ ላይ የተቀዳ ናሙና በአረፋ የተሞላ ስለሆነ አረፋው ዘንጉን ወደ ላይ ይገፋውና ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይታያል። ናሙናውን ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ አሥር ጊዜ ያህል ያገላብጡት፣ ዘንጉን ሲከቱም ሽክርክር አድርገው ይልቀቁት። ሁለተኛው ሙቀት ነው። በ20 ዲግሪ የተስተካከለ መሣሪያ ናሙናው 25 ዲግሪ ሲሆን 1 ነጥብ፣ 30 ሲሆን 2 ነጥብ ተኩል፣ 40 ሲሆን 6 ነጥብ አሳንሶ ያነባል፤ ያንን ይጨምሩበት። በደሴ ጠዋት 12 ዲግሪ ላይ ሲሆን ደግሞ 1 ነጥብ ይቀንሱ። ሦስተኛው ዓይን ነው። ፈሳሹ ዘንጉን ተከትሎ ወደ ላይ ይሳባል፤ የሚነበበው የተሳበው ጫፍ ሳይሆን ጠፍጣፋው ገጽ ነው፣ ያውም ጎንበስ ብሎ ከገጹ እኩል ሆኖ። ናሙናውን ወደ ቢራው አይመልሱት፤ ይቅመሱት።

ምላስን ከቁጥሩ ጋር ማላመድ

ይህን ሥራ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ግማሽ ሰዓት ብቻ የሚወስድ ሲሆን ጥቅሙ ከማንኛውም ሠንጠረዥ ይበልጣል። ሁለት ጠርሙስ ተራ ቢራ ይግዙ፣ ጋዙ እስኪወጣ ያገላብጡ፣ የመጨረሻ ግራቪቲውን ለክተው ይጻፉ። 25 ግራም ስኳር ውሃ ውስጥ አሟሙተው በድምሩ 100 ሚሊ ሊትር ያድርሱት፤ በዚህ መጠን 4 ሚሊ ሊትሩ 1 ግራም ስኳር ይይዛል። ከፋርማሲ አዲስ ሲሪንጅ ይያዙ።

አራት ብርጭቆ ውስጥ 100 ሚሊ ሊትር ቢራ ይቅዱ። በመጀመሪያው 8 ሚሊ ሊትር ውሃ ብቻ፣ በሁለተኛው 2 ሚሊ ሊትር ስኳርና 6 ውሃ፣ በሦስተኛው 4 ስኳርና 4 ውሃ፣ በአራተኛው 8 ስኳር ይጨምሩ። ሁሉም እኩል የቀጠኑ ስለሆኑ ልዩነቱ የስኳሩ ብቻ ነው፦ ወደ 2፣ 4 እና 7 ነጥብ ከፍታ። የቤተሰብ ሰው ብርጭቆዎቹን ያቀያይርልዎና ሳያውቁ ይቅመሱ። 2 ነጥብ ላይ ብዙ ሰው ይጠራጠራል፤ 4 ላይ ምሬቱ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ይሰማል፤ 7 ላይ ማንም አይሳሳትም። ይህ ያልተበላ ስኳር ጣዕም መሆኑን ልብ ይበሉ። በሌላ ቀን ቢራዎ እንዲህ ከጣፈጠ ሥራው አላለቀም ማለት ነው። የዴክስትሪን ውፍረት ግን በዚህ አይገኝም፤ እሱን የሚያስተምረው በ70 ዲግሪ የተሠራ የራስዎ ቢራ ብቻ ነው።

የሚቀመሰው ቢራ በጣም ከቀዘቀዘና ጋዙ ከበዛ ተመሳሳዩ ቁጥር ደረቅ ይመስላል። ሞቅ ካለና ጋዙ ከወጣ ይጣፍጣል። ስለዚህ ማወዳደር ሁልጊዜ በአንድ ሙቀት።

ቁጥሩ የሚወሰንበት ድስት

ብቅሉ በሙቅ ውሃ ሲዘፈዘፍ፣ ፋብሪካዎች ማሽ በሚሉት ደረጃ፣ ሁለት ኢንዛይሞች ስታርቹን ይቆርጣሉ። ቤታ አሚሌስ ከሰንሰለቱ ጫፍ ጫፍ ማልቶስ እየነጠለ ይሄዳል፤ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ይመቸዋል፣ ከዚያ ሲያልፍ ቶሎ ይሞታል። አልፋ አሚሌስ ሰንሰለቱን ከመሃል ይሰብራል፤ ከ68 እስከ 72 ድረስ በርትቶ ይሠራል፣ የሚያስቀረውም ብዙ ዴክስትሪን ነው። ጠማቂው የሚመርጠው የትኛው ኢንዛይም እንዲያሸንፍ ነው።

መነሻው 1.048 ሆኖ በተለመደ የቢራ እርሾ፣ በ63 ወይም 64 ዲግሪ ለ90 ደቂቃ ቢቆይ መጨረሻው ከ1.006 እስከ 1.008፣ በ66 ወይም 67 ለ60 ደቂቃ ከ1.010 እስከ 1.012፣ በ70 ወይም 71 ለ45 ደቂቃ ከ1.015 እስከ 1.018 አካባቢ ይጠብቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠምቅ ሰው 66ን ይያዝ።

ለጠላ ተብሎ በገበያ የሚሸጠው ብቅል በፀሐይ የደረቀ ነው። በምድጃ ሙቀት ስላላለፈ ቤታ አሚሌሱ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ከፋብሪካ ብቅል ይልቅ ወደ ደረቅ ቢራ ያደላል። ከላይ ካለው ሙቀት 1 ወይም 2 ዲግሪ ከፍ አድርገው ይነሱ። ሲገዙ ይሰባብሩት፤ ውስጡ እንደ ኖራ ዱቄት ቢሆን በደንብ በቅሏል፣ እንደ ጠጠር ከጠነከረ አልበቀለም። የሻገተ ከሸተተ በምንም ዋጋ አይውሰዱት። ሥሩን አሽተው በሰፌድ ያንገዋሉት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 5 ኪሎ ብቅል ወፍጮ ቤት ወስደው ሽርክት ያስደርጉት፤ ዱቄት ከሆነ ጭማቂው አይጠልም። 15 ሊትር ውሃ ያሙቁ። ብቅሉ ሲገባ ውሃውን ስለሚያቀዘቅዘው፣ 66 ላይ ለማረፍ ደሴ ላይ ብቅሉ 16 ዲግሪ ሆኖ ከተነሱ ውሃው 73፣ ኮምቦልቻ ላይ ብቅሉ 22 ከሆነ 72 ዲግሪ መሆን አለበት። ድስቱን ከእሳት አውርደው ብቅሉን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ያማስሉ፣ ጉብታ እንዳይኖር። ከዚያ በአራት ቦታ ይለኩ። ክዳኑን ዘግተው በብርድ ልብስ ይጠቅልሉ።

እዚህ ላይ የሚፈጸም ትልቅ ስህተት አለ፤ ድስቱን ከሰል ላይ ትቶ ሙቀቱን ከላይ ብቻ መለካት። ላይ ላዩ 65 ሲያነብ ሥሩ 78 ሊሆን ይችላል። በዚያ በኩል የነካው ቤታ አሚሌስ ይሞታል፤ መጨረሻው 1.020 ላይ ሲቆም እርሾው ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። እሳት መጨመር የግድ ከሆነ ሳያቋርጡ እያማሰሉ ይሁን።

ሙቀቱ ዝቅ ካለ የፈላ ውሃ መጨመር ይሻላል፤ ነገር ግን በመጻሕፍት ያለው ልክ ለባሕር ጠረፍ የተሰላ ነው። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ፣ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ 94 ገደማ ነው። 5 ኪሎ ብቅልና 15 ሊትር ውሃን ከ62 ወደ 67 ለማድረስ በ100 ዲግሪ ውሃ 2.6 ሊትር ይበቃ ነበር፤ ደሴ ላይ 3.4፣ ኮምቦልቻ ላይ 3.2 ሊትር ይፈልጋል። ቴርሞሜትር ሲፈትሹም ይህን ያስታውሱ፦ ደሴ ላይ በፈላ ውሃ ውስጥ 92 የሚያነበው ደህና ነው፤ 100 የሚያነበው ግን 8 ዲግሪ ይዋሻል። እሱን አምኖ የጠመቀ ሰው 66 ያለው በእውነቱ 60 አካባቢ ስለሆነ ቢራው ለምን ውሃ ውሃ እንዳለ አይገባውም።

ሰዓቱ ሲሞላ ከጭማቂው ጠብታ ነጭ ሳህን ላይ አድርገው የአዮዲን ጠብታ ይጨምሩ። ወደ ሰማያዊ ጥቁር ከተለወጠ ስታርች አለ፤ 15 ደቂቃ ይጨምሩለት። ቀለሙ ካልተለወጠ ያጥልሉት። ጠብታውን ይድፉት፣ አይቀመስም። 15 ሊትር 75 ዲግሪ ውሃ በአተላው ላይ በዝግታ አፍስሰው ቀሪውን ስኳር ያውጡ፤ 25 ሊትር ገደማ ጭማቂ ይገኛል። 20 ሊትር እስኪቀር 90 ደቂቃ ያፍሉት። መነሻው ከ1.044 እስከ 1.050 ይመጣል።

ጌሾው ከመጨረሻው ቁጥር ጋር ተመዛዝኖ ይገባል። 1.007 ላይ ለሚቆም ቢራ የሚስማማው ጌሾ ለ1.016 ያንሳል። ቅጠሉ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ አንድ ሊትር ጭማቂ ለይተው በ4 ግራም ደረቅ ቅጠል ለ30 ደቂቃ ያፍሉና ይቅመሱ። ከሚፈልጉት ያነሰ መራራ ሆኖ ሊሰማዎት ይገባል፤ ጭማቂው ገና ጣፋጭ ስለሆነ ምሬቱን ይሸፍነዋል፣ ስኳሩ ሲበላ ይገለጣል።

ገደቡን ቀድሞ ማወቅ

ጭማቂው ከቀዘቀዘ በኋላ 300 ሚሊ ሊትር በንጹህ ጠርሙስ ይለዩና 3 ግራም እርሾ፣ ማለትም ከሚገባው በላይ ብዙ፣ ይጨምሩበት። አፉን በአሉሚኒየም ፎይል ላላ አድርገው ሸፍነው ከ25 እስከ 28 ዲግሪ በሚሞቅ ቦታ፣ ለምሳሌ ከእንጀራ ምጣዱ አጠገብ፣ ያስቀምጡትና በየጊዜው ይወዝውዙት። በሁለት ቀን ውስጥ የሚብላላው ሁሉ ይብላላል። ጋዙን አውጥተው ይለኩ። 1.010 ካነበበ ትልቁ ባልዲ ሊደርስበት የሚችለው ገደብ ያ ነው።

ከዚህ በኋላ ግምት የለም። ባልዲው 1.017 ላይ ቢቆምና ናሙናው 1.010 ደርሶ ከነበረ፣ 7 ነጥብ ስኳር ቀርቷል፤ ጥፋቱ የእርሾው ወይም የብርዱ ነው። ሁለቱም 1.017 ካነበቡ ጥፋቱ የማሹ ነው፤ ምንም ያህል ቢጠብቁ አይወርድም፣ ለጠርሙስ ግን ደህና ነው።

ማብላላት

11 ግራም ደረቅ የቢራ እርሾ ለ20 ሊትር ይበቃል። የዳቦ እርሾም ይሠራል፤ ነገር ግን በደንብ ስለማይዘቅጥና የሊጥ ሽታ ስለሚተው ጣዕሙን ከቁጥሩ ጋር ማገናኘት ያስቸግራል። እርሾው ከመግባቱ በፊት የቀዘቀዘውን ጭማቂ በኃይል ወዝውዘው አየር ያስገቡ። ከጀመረ በኋላ ግን አየር አይንካው።

የሚፈለገው ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ነው። ደሴ ላይ ችግሩ ሌሊቱ ነው። በተለይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባልዲው ሲሚንቶ ወለል ላይ ከተቀመጠ እርሾው ቀን ይነሳል፣ ሌሊት ይዘቅጣል፣ በሦስተኛው ሌሊት ጨርሶ ይተኛል። ባልዲውን ከወለል ከፍ አድርገው እንጨት ላይ ያስቀምጡ፣ በብርድ ልብስ ይጠቅልሉ፣ ወደ ማታ አጠገቡ ሙቅ ውሃ የያዘ ጀሪካን ያድርጉ። ኮምቦልቻ ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሲብላላ የራሱ ሙቀት ስለሚጨመርበት ክፍሉ 25 ሲሆን ባልዲው 28 ሊደርስ ይችላል። ቁጥሩ በደንብ ይወርዳል፤ ጣዕሙ ግን የሚያቃጥል አልኮልና የበሰበሰ ሙዝ ሽታ ይይዛል። ባልዲውን ውሃ የያዘ ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው እርጥብ ፎጣ ያልብሱት፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ናቸው የሚወስኑት።

በየቀኑ ከፍቶ መለካት ተሕዋስያን ማስገባት ነው። በ8ኛው ቀን አንድ ጊዜ፣ በ11ኛውና በ13ኛው ቀን ደግመው ይለኩ። ሁለቱ የመጨረሻ ንባቦች እኩል ሆነው ከገደቡ ጋር ከተስማሙ ደርሷል። የአረፋው መጥፋት ወይም የጋዙ ድምፅ መቆም ማስረጃ አይደለም።

ከፍ ብሎ ሲቆም

የገደቡ ምርመራ ስኳር እንደቀረ ካሳየ ባልዲውን ወደ 21 ወይም 22 ዲግሪ ያሙቁ፣ በፈላ ውሃ በጸዳ ረጅም ማንኪያ ሥሩን በቀስታ አንስተው እርሾውን ይቀስቅሱ፣ ሦስት ቀን ይስጡት። ካልተነሳ ግማሽ ሊትር አዲስ ጭማቂ ላይ 5 ግራም እርሾ አድርገው አረፋው በደንብ ሲነሳ ይጨምሩበት። ደረቅ እርሾ በቀጥታ አልኮል ላይ መበተን ብዙም አይሠራም።

አንዳንድ ሰው እንደ ጠላ «እንዲነሳ» ብሎ ጥሬ ብቅል ይጨምርበታል። አያድርጉት። ቁጥሩ በእርግጥ ይወርዳል፤ ኢንዛይሙ በሕይወት ስላለ ዴክስትሪኑን ራሱን መቁረጥ ይጀምራል፣ የት እንደሚቆምም አይታወቅም። ከብቅሉ ገለባ ጋር የሚገቡት ባክቴሪያዎችም ያኮመጥጡታል። ጠላ ላይ ይህ ስህተት አይደለም፤ ጠላ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ብቅሉ ጥንስሱና ድፍድፉ ውስጥ ሳይፈላ ስለሚቆይ ስታርቹ እየተቆረጠ እርሾውም እየበላ አብረው ይጓዛሉ፤ ጉሹ ለስላሳ ሆኖ ይጀምርና ቀን በቆየ ቁጥር ይደርቃል፣ ይኮመጥጣል። የጠላ የመጨረሻ ቁጥር የቆመ ሳይሆን በየቀኑ የሚሄድ ነው፤ ስለዚህም ጠላ በጠርሙስ አይታሸግም። በስኳር የሚሠራው ከሪቦም ከተቀመጠ ስኳሩ ወደ አልኮል ይሄዳል፤ አልኮል ለማይጠጣ ሰው የሚቀርብ ከሆነ በዕለቱ መጠጣት አለበት።

ቁጥሩ ከፍ ያለው በዴክስትሪን ከሆነ መድኃኒቱ ማደባለቅ ነው። 1.018 ላይ የቆመ 10 ሊትርና 1.008 ላይ የቆመ 10 ሊትር ሲደባለቁ 1.013 ይሆናሉ። እርሾዎቹ የተለያዩ ከሆኑ አንዱ የሌላውን ትራፊ ሊበላ ስለሚችል ከተደባለቀ በኋላ አራት ቀን ጠብቀው እንደገና ይለኩ።

ዝቅ ብሎ ሲወርድ

ማሹ 66 ሆኖ ቁጥሩ 1.003 ከደረሰ ቴርሞሜትሩ ዋሽቷል፣ ወይም ተራ ስኳር ተጨምሯል፣ ወይም ሌላ ፍጡር ገብቷል። የሚለየው ምላስ ነው። ደረቅ ሆኖ ንጹህ ከሆነ ማሹን ይፈትሹ። ኮምጣጣ፣ የቅርንፉድ ወይም የፕላስተር ሽታ ያለው፣ ላዩ ላይ ስስ ነጭ ቆዳ የያዘ ከሆነ ተበክሏል። ጋንና እንስራ ለጠላ መልካም ናቸው፤ በግራዋ ታጥበው በወይራ ቢታጠኑም ግን የሸክላው ቀዳዳዎች ያለፈውን ጠላ ተሕዋስያን ይዘው ስለሚቆዩ ቁጥሩ እንዲቆም ለሚፈለግ ቢራ ምግብ የሚያዝበት ያልተቧጨረ ፕላስቲክ ባልዲ ይሻላል። በበረኪና ካጸዱት በፈላ ውሃ ደጋግመው ያለቅልቁት፤ የቀረ በረኪና ከብቅሉ ጋር ተገናኝቶ የመድኃኒት ጣዕም ይሰጣል።

በጣም የደረቀ ቢራን ስኳር ጨምሮ ማስተካከል አይቻልም፤ እርሾው ይበላዋል። ለቀጣዩ ማሽ 3 ዲግሪ ከፍ ያድርጉ፤ ወይም ከብቅሉ ጋር 250 ግራም አሻሮ ይጨምሩ፤ ከቁጥሩ ይልቅ ቀለሙንና የቆሎ ጣዕሙን ይለውጣል፣ ግን ባዶነቱን ይሞላዋል።

ወደ ጠርሙስ

1 ነጥብ ግራቪቲ ሲወርድ በሊትር ወደ 1 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ለጋዙ ተብሎ የሚጨመረው 6 ግራም ስኳር በሊትር የሚሰጠው 3 ግራም ገደማ ነው። እንግዲህ ገደቡ ሳይደርስ በ3 ነጥብ ቀድሞ ማሸግ ስኳሩን እጥፍ እንደማድረግ ነው፤ በ6 ነጥብ መቅደም ሦስት እጥፍ። ተራ የቢራ ጠርሙስ ለዚህ አልተሠራም።

ገደቡ ሲረጋገጥ 120 ግራም ስኳር በ300 ሚሊ ሊትር ውሃ አፍልተው ያቀዝቅዙ፣ ከቢራው ጋር ቀስ ብለው ያዋህዱ፣ ከአንገቱ ሦስት ጣት ክፍት ትተው ይሙሉ። የጠርሙስ መክደኛ መሣሪያ ከሌለ የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይበቃል። መስታወት ቢጠቀሙም አንዱን ፕላስቲክ ያድርጉት፤ በጣት ሲጫኑት ድንጋይ ከሆነ ሌሎቹም ደርሰዋል። በ20 ዲግሪ ሁለት ሳምንት ይወስዳል፣ ደሴ ብርድ ላይ እስከ አራት።

ከወር በኋላ አንዱን ከፍተው ጋዙን በደንብ ያውጡና ይለኩ። ከታሸገበት ቁጥር በ1 ነጥብ ቢለያይ ጤና ነው። በ3 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ውስጥ የሚሠራ ነገር አለ። ቀሪዎቹን ጠርሙሶች በወፍራም ፎጣ ጠቅልለው፣ ፊትዎን አርቀው፣ ቤት ውስጥ ካለው ሁሉ ቀዝቃዛ ቦታ ላይ አንድ ቀን ያሳድሩና ክዳናቸውን አንድ በአንድ በትንሹ አንስተው ጋዙን ያስተንፍሱ። ከዚያ በሳምንቱ ውስጥ ይጠጡ።